የአምስተርዳም ግንዶች ለምን አልበሰበሱም? የአንዲት ከተማ ታሪክ ከመሠረቷ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «አምስተርዳም ረግረግ ላይ፣ በእንጨት ግንድ የቆመች ከተማ ናት ይባላል። እኛ አገር የአጥር እንጨት ጥቂት ክረምት ሳያልፍበት ይበሰብሳል። የእነሱ ይህን ሁሉ ዘመን እንዴት ቆመ? ቤቶቹ ወደ ፊትም ወደ ጎንም አጋድለው አይቻለሁ፤ ሊወድቁ ነው? ታሪኳን ከዚሁ ጋር አያይዞ የሚያስረዳኝ አገኛለሁ?»

የአጥሩን ነገር ማንሳትዎ ጥሩ ነው፤ ግማሹ መልስ እዚያው አለ። የበሰበሰ የአጥር ቋሚ ሲነቀል ልብ ብለው ይዩት። ከመሬት በላይ ያለው ደህና ነው፤ በጥልቀት የተቀበረው ጫፍም ብዙ ጊዜ ጠንካራ ነው። ተበልቶ የሚሰበረው አፈሩና አየሩ የሚገናኙበት አንድ ስንዝር ያህል ቦታ ላይ ነው። እንጨት የሚበላው ፈንገስ እርጥበትንም አየርንም አንድ ላይ ይፈልጋል። አንዱ ከጎደለበት አይኖርም። የአምስተርዳም ግንዶች የላይኛው ጫፋቸው ሳይቀር ከከርሰ ምድር ውኃ ወለል በታች የተቀበሩ ስለሆኑ አየር አያገኛቸውም፤ በዚያ ላይ ምስጥ የዚያ አገር ችግር አይደለም። ስለዚህ ከተማዋ የቆመችው በእንጨቱ ብርታት ብቻ ሳይሆን ውኃው ከፍ ዝቅ እንዳይል በመጠበቋ ነው። ውኃው ከፍ ካለ ጎርፍ ነው፤ ዝቅ ካለ የቤቱ መሠረት መበስበስ ይጀምራል። ታሪኳን በዚህ በኩል ካየነው ብዙው ነገር ቦታ ቦታውን ይይዛል። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ቦታው መጀመሪያ ፒት የሚባል አፈር ነበር። ፒት ማለት ረግረግ ውስጥ የወደቀ ሣርና ሥር በደንብ ሳይበሰብስ ለሺህ ዓመታት ተደራርቦ የሠራው፣ እንደ ስፖንጅ ውኃ ያዘለ ጥቁር አፈር ነው። ሲደርቅ ይነዳል፤ ለማገዶም ሲያገለግል ኖሯል። ከ1000 ዓ.ም. በኋላ ገበሬዎች ቦይ እየቆፈሩ ውኃውን አጠንፍፈው እህል ይዘሩበት ጀመር። ፒት ግን ውኃው ሲወጣለት ይኮማተራል፤ አየር ሲያገኘው ደግሞ ራሱ ይበሰብሳል። እርሻው እየዋለ እያደረ መሬቱ ሰጠመ፤ መሬቱ ሲሰጥም ውኃው ተመለሰ፤ እንደገና ቦይ መቆፈር መጣ። በ1170 የመጣው ታላቅ የባሕር ጎርፍና ከእርሱ በኋላ የመጡት ሲጨመሩበት፣ በሰሜን በኩል ያለው ውኃ ሰፍቶ ከባሕር ጋር ተገናኘ። ነዋሪዎቹ ዳር ዳሩን ክትር ሠሩ፤ ከ1264 እስከ 1275 ባለው ጊዜ ውስጥም የአምስቴል ወንዝን አፍ ገደቡ። የከተማዋ ስም «የአምስቴል ግድብ» ማለት ነው፤ ግድቡ የነበረበት ቦታ ዛሬ ዳም የሚባለው አደባባይ ነው። ጥቅምት መጨረሻ ላይ፣ ኦክቶበር 27 ቀን 1275፣ የሆላንድ ገዢ ፍሎሪስ 5ኛ በግድቡ አጠገብ ለሚኖሩት የቀረጥ ነፃነት ሰጣቸው። ከተማዋ በ2025 750ኛ ዓመቷን ያከበረችው ይህን ሰነድ መነሻ አድርጋ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር አለ። የሰጠመው መሬት ለስንዴና ለአጃ የማይሆን ረግረጋማ ግጦሽ ሆነ። ከብት ያረባል፣ ወተትና አይብ ይሰጣል፤ እንጀራ ግን አይሰጥም። ስለዚህ እህል ከውጭ መግዛት ግድ ሆነ፤ እህሉ የሚገኘው በባልቲክ ባሕር ዳር፣ በዳንዚግና በአካባቢው ነበር። ለማምጣት መርከብ ያስፈልጋል፤ ባዶ መርከብ ላለመላክ ደግሞ ሄሪንግ የሚባለው ጨው የገባበት ዓሣ፣ ጨውና ጨርቅ ይጫናል። ደቾች፣ ማለትም የሆላንድ ሰዎች፣ ይህን የባልቲክ ንግድ «እናት ንግድ» ይሉት ነበር። ስለ አምስተርዳም ሀብት ሲነሳ ሁሉም ወደ ሕንድ ቅመም ይሮጣል፤ በእኔ ግምት ግን ያለ ባልቲክ እህል መርከቡም፣ መርከበኛውም፣ ለቅመሙ ጉዞ የሚሆነው ገንዘብም ባልኖረ ነበር። ለቤት መሠረት የሚሆነው ግንድም በዚያው በሰሜኑ የባሕር መንገድ፣ ከባልቲክና ከኖርዌይ ይመጣ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ቤቶች ከእንጨት የተሠሩ ቀላል ቤቶች ነበሩ። መሬቱን በጭቃ፣ በፍግና በቅርንጫፍ ደልድለው፣ አንዳንዴም ሁለትና ሦስት ሜትር የሚሆኑ አጫጭር እንጨቶችን አጠጋግተው በመትከል አፈሩን ያጠብቁት ነበር። ቤቱ ሲሰጥም እንጨት ስለሆነ ይተጣጠፋል እንጂ አይሰነጠቅም። ችግሩ እሳት ነበር። በ1421 የከተማዋ አንድ ሦስተኛ ያህል፣ በ1452 ደግሞ ሦስት አራተኛው ተቃጠለ። ከዚያ በኋላ የከተማው አስተዳደር የጎን ግድግዳ ጡብ፣ ጣሪያው ሸክላ እንዲሆን ማዘዝ ጀመረ፤ በ1669 የፊት ግድግዳውም ከእንጨት እንዳይሠራ ተከለከለ። ከቀድሞዎቹ ዛሬ በግልጽ የሚታዩ ሁለት የእንጨት ቤቶች አሉ፤ አንዱ በቤጋይንሆፍ ግቢ ውስጥ፣ አንዱ በዜዳይክ ጎዳና መጀመሪያ ላይ። ጡብ ግን ከባድ ነው፤ ፒቱ ደግሞ አይሸከመውም። ረጅም ግንድ እስከ አሸዋው ድረስ ማውረድ ግዴታ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። እሳቱ ጡብን አመጣ፣ ጡቡ ግንድን አመጣ።

አሠራሩን ቀረብ ብለን እንየው። ከላይ ጥቂት ሜትር ፒት አለ፣ ከሥሩ ለስላሳ ጭቃ፣ ከዚያ በግምት 12 ሜትር ላይ ጠንካራው የመጀመሪያ አሸዋ ይገኛል። ግንዱ ስፕሩስ ወይም ፓይን የሚባለው የጥድ ዘመድ ነው፤ ቀጭኑ ጫፍ ወደ ታች ሆኖ ይተከላል። በማማ ላይ በመዘውር የተንጠለጠለ ከባድ መደብደቢያ አለ፤ ገመዱ ጫፉ ላይ ወደ ብዙ ቀጫጭን ገመዶች ይከፋፈላል። ከ30 እስከ 40 የሚሆኑ ሰዎች አንዱ ሲያዜም እየተቀበሉ ይጎትቱታል፣ በአንድ ቅጽበትም ይለቁታል። ዜማው ጉልበቱን ያስተባብራል፣ ምቱንም ይቆጥራል። ግንዱ ፒቱን በቀላሉ ያልፋል፤ አሸዋው ላይ ሲደርስ በአንድ ዙር ምት የሚወርደው በጣም ትንሽ ይሆናል። መድረሱ የሚታወቀው በዚህ ነው፦ በተወሰነ የምት ብዛት ስንት እንደወረደ ተለክቶ። ዛሬም የኮንክሪት ምሰሶ (ፓይል) ሲመታ የሚለካው ይኸው ነው። ግንዱ አሸዋው ላይ ሳይደርስ ምቱ ከቆመ ጭቃ ውስጥ የተንሳፈፈ ያህል ነው፤ ቤቱ በጊዜ ብዛት ይከተለዋል።

በእያንዳንዱ ግድግዳ ሥር ግንዶቹ በሁለት ረድፍ፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይተከላሉ። የላይኛው ጫፋቸው ከውኃው ወለል በታች በአንድ ልክ ይቆረጣል። በየጥንዱ ላይ አጭር ወፍራም ሳንቃ ይጋደማል፤ በእርሱ ላይ በግድግዳው ርዝመት ረጃጅም ሳንቃዎች ይነጠፋሉ፤ ግንቡ እንዳይንሸራተት መሃሉ ላይ አንድ ጠባብ እንጨት በምስማር ይመታል። ከዚያ ጡቡ ከሥር ሰፋ ብሎ ይጀምርና ወደ ላይ እየጠበበ ይሄዳል። «የአምስተርዳም መሠረት» የሚባለው ይህ ነው። በሮተርዳም ልማድ ግን ግንዱ በአንድ ረድፍ ነው፤ የሚጋደመውም ሳንቃ የለም። አንድ ደህና ግንድ በግምት እስከ 10 ቶን ይሸከማል።

ትልቁ ምሳሌ በዳም አደባባይ ላይ የሚታየው የቀድሞው የከተማ አዳራሽ ነው። በ1648 ሥራው ተጀመረ፤ አርክቴክቱ ያኮብ ፋን ካምፐን ነበር፤ በ1655 ተመረቀ። ሕንፃው የድንጋይ ስለሆነ ከሥሩ 13,659 ግንድ ተተክሏል። የደች ተማሪዎች ቁጥሩን የሚይዙት በቀላሉ ነው፦ የዓመቱን ቀናት 365 ጻፍ፣ ከፊቱ 1፣ ከኋላው 9 ጨምር። ናፖሊዮን ወንድሙን ሉዊን ንጉሥ አድርጎ ከሾመው በኋላ፣ በ1808 ይኸው አዳራሽ ቤተ መንግሥት ሆነ፤ ዛሬም ነው።

ያን አዳራሽ ያሠራው ገንዘብ ከየት መጣ? በ1578 ከተማዋ አገሩን ይገዛ ከነበረው ከካቶሊኩ የስፔን ንጉሥ ወገን ወጥታ በእርሱ ላይ ከተነሡት አማፂዎች ጋር ቆመች። በ1585 አንትወርፕ በስፔን እጅ ስትወድቅ ነጋዴዎቿና ባለእጆቿ ወደ ሰሜን ፈለሱ፤ ከፖርቱጋል የተሰደዱ አይሁድም መጡ። የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ በ1602፣ የምንዛሪ ባንኩ በ1609፣ የገበያ ቤቱ በ1611 ተከታተሉ። በ1570ዎቹ 30,000 ገደማ የነበረው ሕዝብ በ1622 ከ100,000 አለፈ፤ በ1700 200,000 ደርሶ ነበር። ይህን ሕዝብ ለማስፈር በ1613 ከምዕራብ በኩል ተጀምሮ ሦስቱ ታላላቅ ቦዮች፣ ሄረንግራክት፣ ካይዘርስግራክትና ፕሪንሰንግራክት፣ ተቆፈሩ፤ በ1660ዎቹ የቦዮቹ ቅስት ወደ አምስቴል ወንዝና ከዚያ ወዲያ ቀጠለ። ቦዩ ጌጥ አልነበረም። ውኃ ይይዛል፣ ዕቃ በጀልባ እስከ በር ያደርሳል፣ ከሱ የተቆፈረው አፈር ዳርና ዳሩን ከፍ ለማድረግ ይውላል። አስተዳደሩ መሬቱን ገዝቶ፣ በግምት 30 የአምስተርዳም ጫማ፣ ማለትም 8.5 ሜትር ስፋት እያደረገ ሸንሽኖ ሸጠው፤ ወጪው የተሸፈነው በሽያጩ ነበር። ቤቶቹ ጠባብና ረጅም የሆኑት በዚህ ነው።

ይህ ሀብት ሌላም መሠረት ነበረው፤ ሳይጠቀስ መታለፍ የለበትም። ከተማዋ ራሷ የሱሪናም ማኅበር የሚባለውን፣ ማለትም በደቡብ አሜሪካ የነበረውን የባሪያ እርሻ ቅኝ ግዛት የሚያስተዳድረውን ኩባንያ አንድ ሦስተኛ ድርሻ ይዛ ነበር። በሱሪናም ባርነት በሕግ የቆመው በ1863 ነው። ከንቲባዋ ፌምከ ሃልሰማ በከተማዋ ስም ይቅርታ የጠየቁት ጁላይ 1 ቀን 2021 ነው።

ሌላው የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ከአዳራሹ ያነሰ ይታወቃል፤ እኔ ግን አስበልጠዋለሁ። ከንቲባው ዮሃንስ ሁደ፣ የሒሳብ ሊቅ የነበሩ ሰው፣ በ1683ና በ1684 የባሕሩ ማዕበል ስንት ላይ እንደሚደርስ አስለኩ። ከዚያ በየውኃ በሮቹ ላይ ስምንት የእብነ በረድ ድንጋዮች ተተከሉ፤ በእያንዳንዱ ላይ አንድ አግድም ጭረት አለ፤ ክትሩ ከከተማው የውኃ ልክ 9 ጫማ ከ5 ጣት ከፍ እንደሚል ተጽፎበታል፤ 2.68 ሜትር ያህል መሆኑ ነው። ከዚህ ልኬት የወጣው «የአምስተርዳም ልክ» ዛሬ የአውሮፓ የከፍታ መለኪያ መነሻ ሆኗል። በመሀል ከተማ ያለው የቦይ ውኃ ከዚህ ልክ 40 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ እንዲቆም ይደረጋል። ግንዶቹን እርጥብ አድርጎ የሚያቆያቸው ይህ ቁጥር ነው።

የ18ኛውን ክፍለ ዘመን ባጭሩ ልለፈው። ወደቡ በደለል ተሞላ፤ ትልልቅ መርከቦች ፓምፑስ የሚባለውን ጥልቀት የሌለው ቦታ ማለፍ አቃታቸው። ከ1690 ገደማ ጀምሮ «ግመል» የሚሉት መሣሪያ ይጠቀሙ ነበር፦ በመርከቡ ግራና ቀኝ ሁለት ባዶ ተንሳፋፊ ሣጥኖች ይታሰሩና ውኃ ይሞላሉ፤ ከዚያ ውኃው በፓምፕ ሲወጣ ከመርከቡ ጋር አብረው ከፍ ይላሉ። በ1730ዎቹ ደግሞ እንጨት የሚበላ የባሕር ትል የክትሮቹን የእንጨት ሽፋን ጨረሰና ክትሮቹ በድንጋይ መሸፈን ጀመሩ። የቤት ግንዶች አፈር ውስጥ ስለተቀበሩ ትሉ አልደረሰባቸውም። ከፈረንሳይ ወረራ በኋላ ንግዱ ደቀቀ፤ በ1815 ሕዝቡ ወደ 180,000 ወርዶ ነበር። የቦዩ ውኃ የቆሻሻ መጣያ በመሆኑ የመጠጥ ውኃ በጀልባ ነበር የሚመጣው፤ በ1853 ከባሕር ዳር የአሸዋ ኮረብታዎች በቧንቧ የመጣው ንጹሕ ውኃ በሃርለም በር አንዱ ባልዲ በ1 ሳንቲም ተሸጠ።

በ1872 በምሥራቅ የኦራንየ የውኃ በሮች ተዘጉ፤ በ1876 ወደ ሰሜን ባሕር የሚወስደው ቀጥተኛ ካናል ተከፈተ። ከተማዋ ነቃች። ማዕከላዊው ባቡር ጣቢያ በሦስት ሰው ሠራሽ ደሴቶችና በ8,687 ግንዶች ላይ በ1889 ቆመ። ሠራተኛ ከገጠር ጎረፈ፤ ከቦዩ ቀለበት ውጭ እንደ ደ ፓይፕ ያሉ ሰፈሮች ተገነቡ። ጠያቂያችን ልብ ሊሉት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። የዛሬው የመሠረት ችግር በብዛት የሚታየው በ1600ዎቹ የባለጸጋ ቤቶች ሳይሆን በዚህ ዘመን፣ ከ1870 እስከ 1900 በጥድፊያ ለትርፍ በተሠሩት ላይ ነው። የግንድ ቁጥር ተቀነሰ፣ ቀጭን ግንድ ተተከለ፣ አሸዋው ላይ ሳይደርስ የቆመም ነበር። አንዳንዶቹ ገና ሲሠሩ ፈርሰዋል። የ1901 የቤቶች ሕግ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በከተማዋ ላይ ያደረሰው ጉዳት በቦምብ ብቻ አይለካም። ናዚዎች ሲገቡ ወደ 80,000 አይሁድ ይኖሩባት ነበር፤ ከ60,000 በላይ ተገደሉ። በፌብሩዋሪ 1941 ሠራተኞች የአይሁድን አፈሳ ተቃውመው አድማ መቱ፤ በጥይት ተበተነ። በ1944 እና 1945 የረሀብ ክረምት ማገዶ የጠፋበት ሕዝብ ባለቤቶቻቸው ከተወሰዱባቸው ቤቶች በርና ደረጃ፣ በመጨረሻም የወለል ተሸካሚ እንጨት አወጣ። ወለሉ የግድግዳዎቹ ማሰሪያ ስለሆነ እሱ ሲወጣ ቤቱ ራሱን መሸከም ያቅተዋል፤ ብዙዎቹ ወደቁ። ከጦርነቱ በኋላ ያ የአይሁድ ሰፈር ክፍት ሆኖ ስለቀረ ሰፊ መንገድና ሜትሮ ታቀደበት፤ በ1975 በኒውማርክት ሰፈር ቤት ሲፈርስ ነዋሪው ከፖሊስ ጋር ተጋጨ። ሜትሮው በ1977 ተከፈተ፤ የታቀደው ሰፊ አውራ ጎዳና ግን ቀረ።

አሁን ወደ «ሊወድቁ ነው?» ጥያቄዎ። ወደ ፊት ያጋደለ ብዙ ጊዜ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። ከጣሪያው ጫፍ መንጠቆ ያለው ምሰሶ ይወጣል፤ ደረጃው ጠባብ ስለሆነ ዕቃ በገመድ ወደ ላይ ተስቦ በመስኮት ይገባል። ግድግዳው ትንሽ ወደ ፊት ካዘነበለ ዕቃው መስኮት አይገጭም፤ ዝናብም በጡቡ ላይ አይወርድም። ወደ ጎን ያጋደለ ግን የመሠረት ነገር ነው። አንዱ ወገን ግንዱ ደክሟል። ብዙዎቹ ከጥንት አጋድለው እዚያው ረግተዋል፤ የሚያሰጋው ዛሬም በመንቀሳቀስ ላይ ያለው ነው።

የሚበላሽበት መንገድ ሦስት ነው ማለት ይቻላል። አንደኛው የከርሰ ምድር ውኃ መውረድ ነው፦ ደረቅ በጋ፣ የጎረቤት ቁፋሮ ፓምፕ፣ የትልልቅ ዛፎች ሥር፤ ከሁሉም ይልቅ የተሰነጠቀ አሮጌ የፍሳሽ ቧንቧ። ቧንቧው ከውኃው ወለል በታች ከሆነ በስንጥቁ ውኃውን እየሳበ ይወስደዋል፤ ማንም ሳያይ የግንዱ ራስ አየር ያገኛል። ሁለተኛው ባክቴሪያ ነው። እርሱ አየር ብዙም ስለማይፈልግ ውኃ ውስጥም ይሠራል፤ ግን እጅግ ቀስ ብሎ፣ በተለይም በፓይን ዳር ዳር ያለውን ለስላሳ እንጨት። ሦስተኛው መሬቱ ላይ የአፈር ሙሌት ሲጨመር ነው፦ ግቢው ወይም መንገዱ በአሸዋ ከፍ ሲደረግ ፒቱ ይጨመቅና ሲወርድ ግንዱን ታቅፎ ወደ ታች ይጎትተዋል። ጭነት ሳይጨመርበት ከቤቱ በላይ ይሸከማል ማለት ነው። ከ1920ዎቹ ጀምሮ በግንዱ ራስ ላይ የኮንክሪት ቁራጭ መቀጠል የተጀመረው እንጨቱ ሁልጊዜ ውኃ ውስጥ እንዲቀር ነው፤ ከጦርነቱ በኋላም ኮንክሪት ሙሉ በሙሉ ተተካ።

የመሠረት ምርመራ እንዲህ ይደረጋል። መጀመሪያ በግድግዳው ላይ አንድ የጡብ መስመር ይመረጣል፤ ግንበኛው ሲሠራው በውኃ ልክ ስለነበር ዛሬ ምን ያህል እንደተጠማዘዘ ሲለካ ቤቱ የት ስንት እንደሰጠመ ይናገራል። ከዚያ ከቤቱ ሥር ጉድጓድ ተቆፍሮ የተወሰኑ ግንዶች ይገለጣሉ፣ ዳር ዳራቸው ስንት ሚሊ ሜትር ድረስ እንደላላ በመርፌ መሳሪያ ይለካል፣ የእንጨት ናሙና ይወጣል፣ የውኃው ከፍታም ከግንዱ ራስ ጋር ይነጻጸራል። ጥገናው ሲያስፈልግ የምድር ቤቱ ወለል ይነሣል፤ ከቤቱ ውስጥ የብረት ቱቦ በአጭር በአጭር ቁራጭ እየተቀጠለ ወደ አሸዋው ይወርድና ኮንክሪት ይሞላል፤ ግድግዳዎቹ ሥር ተፈልፍለው አዲሱ የኮንክሪት ወለል እንዲደግፋቸው ይደረጋል። የጎን ግድግዳው ብዙ ጊዜ ከጎረቤት ጋር የጋራ ስለሆነ አንዱ ቤት ብቻውን ቢጠገን ሌላው እየሰጠመ ይጎትተዋል፤ ስለዚህ ጎረቤት ካልተስማማ ሥራው ይቆማል።

ሁለት የቅርብ ጊዜ ነገሮች ይህን ያሳያሉ። በ2008 ለአዲሱ የሰሜን ደቡብ ሜትሮ በፋይዘልግራክት ጣቢያ ሲቆፈር፣ በኮንክሪቱ የመከላከያ ግንብ ስንጥቅ ውኃና አሸዋ ገባ፤ ከላይ ያሉት የ17ኛው ክፍለ ዘመን የሸማኔ ቤቶች እስከ 23 ሴንቲ ሜትር ሰጠሙ። ግንዶቹ አልተሰበሩም፤ የቆሙበት አሸዋ ነበር የሄደባቸው። መስመሩ ተጠናቆ የተከፈተው በ2018 ነው። ሴፕቴምበር 1 ቀን 2020 ደግሞ ግሪምቡርግቫል ላይ የቦዩ ዳር ግንብ ከ20 ሜትር በላይ ወደ ውኃው ተደረመሰ። የቦይ ግንቦችም በእንጨት ግንድ ላይ ናቸው፤ የተሠሩትም ለጋሪ እንጂ ለሲሚንቶ መኪና አይደለም። ከተማዋ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ግንብና 850 ገደማ ድልድይ እየመረመረች ነው፤ በደካሞቹ ዳር ብረት ተተክሎ፣ በግንቡና በብረቱ መሃል አሸዋ ተሞልቶ ያያሉ፤ መኪና ማቆምና ከባድ ጭነትም ይከለከላል።

በዚያ ከተማ የሚኖሩ፣ ቤት የመግዛት ሐሳብ ያላቸው ይህን ቢያነቡ፦ የተሠራው ከ1925 በፊት ከሆነ የመሠረት ምርመራ ሰነዱን ከዋጋ ድርድር በፊት ይጠይቁ፤ ፎቅ ውስጥ ያለ አፓርታማ ከሆነ የባለቤቶቹ ማኅበር ለመሠረት ጥገና ያጠራቀመው ገንዘብ መኖሩን ይዩ። በመስኮትና በበር ማዕዘን ላይ ሰያፍ ስንጥቅ ካለ፣ በቅርብ ተለስኖ እንደገና የተከፈተ መሆኑን በጣት ዳስሰው ይለዩት።